ክረምት የተቆረጠ ሽመል

ውድ ፈየራ፣

ነቀምት እንጨት ቤት ተቀጥረህ እንደምትሠራ አንድ የባምባሲ ሹፌር ነገረኝ። ስልክህንም ሰጥቶኛል፤ አልደወልኩም። በስልክ ብጀምር መሃል ላይ ሰበብ እንደምፈልግ ስለማውቅ ጻፍኩ።

አምና ሐምሌ እናትህን ልታስታምም ቤጊ ስትሄድ ያልከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሳልመለስ ሽመል እንዳታስቆርጥ።» አስቆረጥኩ። የካሣዬ ሆቴል አርባ የቀርከሃ ወንበር የመጀመሪያ ትዕዛዛችን ነበር። የገዛነው ማሽን ሥራ ፈትቶ ቆሟል፤ መሬቱን የሰጡን ሰዎች «አልምታችሁ አሳዩን» ይላሉ፤ ሽመሉ ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ኢንቨስተር ነኝ የሚል ሰው ቁጭ ብሎ ዝናብ ያያል? ስትመለስ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቅኸኝ። «በበጋ የተቆረጠ ነው» አልኩህ። አምነኸኝ ሠራህ።

ኅዳር ላይ ካሣዬ ጠራን። ከየወንበሩ ሥር ነጭ ዱቄት ተከምሯል። ነቀዝ።

«ወንበር ነው የሸጣችሁልኝ ወይስ የሽሮ ዱቄት?» አለ።

ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ማድረቁ የፈየራ ሥራ ነበር» አልኩ። አየኸኝ፤ እንደዋሸሁህ ያኔ ገባህ። መጋዝህን በጆንያ ጠቅልለህ ባጃጅ ተሳፈርክ።

ጥር ላይ ሽመል የምትሸጥልንን ዐዋጢፍን ፍለጋ መንጌ ወረድኩ። ሳቀችብኝ።

«ወላሂ፣ አንተ ማሽን አለ፤ ትዕግሥት የለ። ክረምት ሽመል ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ነቀዝ ይወዳል። በጋ ቁረጥ። ቅጠሉን አትንካ፤ ዛፍ ላይ አስደግፍ። ቅጠሉ ራሱ ሲረግፍ ያኔ ውሰድ። ጓደኛህ ይሄን ያውቃል እኮ። የት ሄደ?»

እውነቱን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው።

እንዳለችኝ አደረግሁ። መጋቢት ላይ አንድ ወንበር ሠርቼ ለካሣዬ ወሰድኩለት። ያኔ ያስቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አንተን የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ አስተናጋጆቹ እየሰሙ ነገርኩት። ወንበሩን ገልብጦ አየውና «ዝናብ እስኪገባ በረንዳዬ ላይ ይቆይ» አለ።

ትናንት አስጠራኝ። ጣቱን ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ አሻሽቶ አሳየኝ። ንጹሕ ነው።

«ስልሳ እፈልጋለሁ» አለ። «ግን ፈየራ ይሥራው። ያንተን ነቀዝ ባይበላውም እንግዳ ይጥላል።»

እውነቱን ነው፤ የወንበሩ የግራ እግር አጭር ነው።

ለትዕዛዙ ብዬ የጻፍኩ ከመሰለህ ግማሹ ልክ ነው። ያለ አንተ ይህን ሥራ ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለኝም። ሌላው ግማሽ ግን ልክ አይደለም፤ ትዕዛዙ ሳይመጣ ነው የተናዘዝኩት፤ ካሣዬንም ዐዋጢፍንም ጠይቃቸው። ደረቁ ሽመል ለሠላሳ ወንበር ይበቃል። ለቀረው ካሣዬ በጋውን እንደሚጠብቅ ተስማምቷል።

አሁን እዚህ እየዘነበ ነው። ሽመሉ ለምልሞ ደጃችን ድረስ ደርሷል፤ እኔም እጄን አላምነውም። ስለዚህ መጥረቢያዎቹን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለዐዋጢፍ ሰጠኋት። ጥር ሳይገባ ብለምናትም ለእኔ እንዳትሰጠኝ፣ ለአንተ ግን በመጣህበት ቀን እንድታስረክብህ ነግሬያታለሁ።

የሻው
አሶሳ፣ ሐምሌ