አባዬ «ማን ይበልጣል?» ሲልህ

ፍራኔ፣

ሾርባው ተሠርቷል፤ ምሳ ሰዓት ላይ አሙቀህ ለአባዬ ስጠው። ክኒኑን እንዳትረሳ።

ከዚያ የቡድናችንን የዘጠና ስምንት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ቪዲዮ ክፈትልኝ ይልሃል። ክፈትለትና ሶፋው ላይ አብረኸው ተቀመጥ። «ከኛ ልጆች ማን ይበልጣል?» ሲልህ «አጥቂው ሹከር» በለው።

እኔ ትናንት መረረኝና «ሞድሪች ይበልጣል! ይሄ ጨዋታ እኮ ካለፈ ስንት ዓመቱ!» አልኩት።

«አልፏል? እናትሽስ ታዲያ የት ናት?» አለኝ።

እማዬ መሞቷን ረስቶት ነበር። እንደ አዲስ አለቀሰላት። ጥፋቱ የኔ ነው።

አንተ ኳስ የምታየው ካፌ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሶፋ አልተነሳሁም።

ዛሬ በመርከብ ቪስ ደሴት ደርሼ እመጣለሁ። ማታ እመለሳለሁ፤ ሌላ የት እሄዳለሁ?

ያልቀሰቀስኩህ «አትሂጂ» ካልከኝ እንደምቀር ስለማውቅ ነው።

እህትህ ዶሪያና