ስድስተኛው ስም

ኖቬምበር 4

ከመጋዘን ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ሰፈራችን ሮቫ ዛይን ስደርስ ጨርቄ ሁሉ ውሃ። አባዬ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።
«ወዴት ነው አባዬ?»
«ቤቴ ልሂድ።»
ቤትዎ እኮ ነው... ማን ይሰማል!

ልጄ ሬቪታል ኦሃድን ልታገባ ነው። የኦሃድ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይሆንም ብለዋል። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ሠርግ የለም። እነሱ ቆጥረው ጨርሰዋል። በእኛ በኩል አምስቱን አውቃለሁ። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን የሚያውቁት አባዬ ብቻ። እሳቸው ደግሞ ቁርስ መብላታቸውንም ረስተዋል።

ኖቬምበር 9

የክሊኒኳ ሴትዮ እንዲያስታውሱ በፊደል አጫውቻቸው አለችኝ። እዚህ አገር ያለውን የዕብራይስጥ ፊደል ጨዋታ የት ያውቁታል? መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ኮቢ ከተሰበረ የዕቃ መጫኛ እንጨት ትናንሽ ኩቦች ቆረጠልኝ። በእያንዳንዱ አናት አንድ የአማርኛ ፊደል ጻፍኩ። እጄ ዛለ።

ኖቬምበር 12

ሰባት ሰባት ኩብ እንይዛለን። አንዱ ቃል ይደረድራል። ሌላው ከዚያ ቃል ጋር የራሱን ያገጣጥማል፣ ወይም በፊደሉ ላይ ሌላ ፊደል ጭኖ ቃሉን ይለውጣል። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ነጥቡም ይጨምራል። ቃሉን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ግን ክልክል ነው። ቢያንስ አንድ የድሮ ፊደል መታየት አለበት።

«በሬ» ብዬ ደረደርኩ። አባዬ «ግ»ን አንስተው «ሬ» ላይ ጫኑና በሬዬን በግ አደረጉብኝ። ሳቁ! ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ...

ኖቬምበር 20

የሰው ስም አይፈቀድም ብላቸውም አልሰሙኝ። የአባታቸውን ስም ደረደሩ። ከዚያ የአያታቸውን። ጨዋታውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት።
«ከዚያስ አባዬ? ከዚያ በላይስ?»
«ደከመኝ።»

ኖቬምበር 23

ስድስተኛው ስም መጣ። ጎ... ባ... ው።
«ጎባው፣ አንድ ዓይናው ቀጥቃጭ» አሉ ቁልጭ አድርገው።

ክው አልኩ። የኦሃድም ስድስተኛ እሱ ነው። ጎባው፣ አንድ ዓይናው ቀጥቃጭ... ከኦሃድ ሴት አያት ከወይዘሮ ሐረጊቱ አፍ ሰምቻለሁ። ሬቪታል ኩሽና ውስጥ በስልክ ትስቃለች። ስለ ቀሚሷ ነው።

«በ»ን «ባ» ላይ፣ «ዝ»ን «ው» ላይ ጫንኩ። ጎበዝ ሆነ። «ጎ» ትታያለች፣ ሕጉ አልፈረሰም።
«ጎበዝ ነዎት አባዬ» አልኳቸው። በራሴ አፈርኩ።

ኖቬምበር 30

ሽማግሌዎቹ መጡ። ስድስተኛ ቸኮል፣ ሰባተኛ በይን አልኩ። ከየት አመጣኋቸው? ከራሴ።
«እውነት ነው አቶ አዳነ?» ብለው ወደ አባዬ ዞሩ።
አባዬ እኔን አዩ። «ረስቻለሁ» አሉ።

መርቀው ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ «ጎባውን የት አደረስሽው?» አሉኝ። አውቀው ነው የሸፈኑልኝ? እኔ እንጃ። ለመጠየቅ ፈራሁ።

ዲሴምበር 17

ሌላው ሁሉ ጠፋባቸው፣ ጎባው ብቻ ቀረ። የእኔንም ስም ረስተዋል። ለጎረቤት ጎባው። ለሐኪሟ ጎባው። ትናንት ኦሃድ መጥቶ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። ቆጠራውን ለሽማግሌዎቹ ስለተወ ስሙን አያውቀውም። «እንዲያው መቀባጠር ነው» አልኩት። የገዛ አባቴን!

ሬቪታል ደግሞ «እማ፣ ሳባን ከፊት ነው የማስቀምጠው፣ ከወይዘሮ ሐረጊቱ አጠገብ» ትላለች። ሳባ የምትለው አያቷን ነው።

ጃንዋሪ 9

ሠርጉ ትናንት ነበር። አባዬን አሟቸዋል ብዬ ቤት አስቀረኋቸው። ሬቪታል ቀሚሷን እንደለበሰች አለቀሰች፣ አያቴ ሳይመርቀኝ ብላ። እኔም አለቀስኩ። እንዲያስታውሱ ኩብ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን እንዲረሱ እጸልያለሁ።

ለአስታማሚዋ ትቻቸው ስወጣ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። አዲሱን ቀሚሴን አዩት።
«የማን ሠርግ ነው?» አሉኝ።
«የሰው ነው አባዬ።»