ከማይፈስ ውሃ ናሙና እንድልክ ስለ መታዘዜ

ለክብርት ወይዘሮ ራግንሂልድ ኦከርሊንድ
የኤልቭሁልት ማዘጋጃ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይህ የመጸው ዝናብ ጉልበትዎን ሳይቆረጥመው፣ የቢሮዎም ማሞቂያ ሳይበላሽ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ከጅረቱ ማዶ ሆኜ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ ሩናር ሄድስትሮም እባላለሁ። እርስዎ በመዝገብ ቁጥሬ ብቻ ስለሚያውቁኝ ነው ስሜን መጥቀሴ። አራት የግንድ መጫኛ መኪኖች አሉኝ፤ ከጫካ ጭቃ ለብሰው ሲመለሱ በግቢዬ አጥባቸዋለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከማጠቢያዬ የሚወጣውን ፍሳሽ በላካችሁልኝ ጠርሙስ ቀድቼ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ምርመራ ቤት ካልላክሁ ማጠቢያው እንደሚዘጋ፣ በናሙናው ከተፈቀደው በላይ ዘይት ከተገኘም ውሃው የወጣበት ማጠቢያ በአምስት ቀን ውስጥ እንደሚታሸግ በትሕትና አስታውቀውኛል። ለትሕትናው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማጠቢያዬ የሚወጣ ፍሳሽ የለም።

፩. በመጀመሪያ፣ የሠራሁትን ነገር አልደበቅሁም። መኪናው ጠርዙ ከፍ ባለ ትልቅ የጎማ ምንጣፍ ላይ ይወጣል። ጭቃው፣ ቅባቱና የመንገዱ ጨው ታጥቦ እዚያው ምንጣፉ ላይ ይቀራል፤ ፓምፕ ከጥጉ ይስበውና በሦስት ገንዳዎች ውስጥ እያረፈ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ይለያል፣ ውሃውም ተጣርቶ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል። የጎደለውን የጣሪያ ዝናብ ይሞላዋል፤ ዝቃጩን ደግሞ ፈቃድ ያለው ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ ይወስደዋል። ሾፌሬ ቬንድላ፣ «ይሄ ውሃ እኮ ከእኔ በላይ እዚህ ቤት አገልግሏል፤ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?» ትላለች።

እናንተ ግን በቅጻችሁ ዐሥራ አራተኛ ተራ ላይ ፍሳሹ ከሚወጣበት ቦታ እስከ ጅረቱ ያለውን ርቀት በሜትር ጠየቃችሁኝ። «አይወጣም» ብዬ ጻፍሁ፤ በቁጥር ይሞላ ተብሎ ተመለሰ። ዜሮ ብዬ ጻፍሁ፤ በሳምንቱ ፍሳሽ በቀጥታ ጅረት ውስጥ በመልቀቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ ከማዘጋጃ ቤታችን አግኝቼ ስለማላውቅ ደብዳቤውን በፍሬም አድርጌ ሰቅዬዋለሁ።

፪. ተቆጣጣሪያችሁን አቶ ቶርቢዮርንን ስለ ላካችሁልኝም አመሰግናለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ውስጥ ቀዳዳ ሲፈልግ ቆየ፤ አንድም አላገኘም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ቬንድላ አዝናለት ትኩስ የቀረፋ ዳቦ ብታቀርብለት፣ «አይ፣ ይቅርብኝ እህቴ፣ ነገ እንደ ጉቦ ይቆጠርብኛል» ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከቤቱ ያመጣውን ደረቅ ዳቦ በላ። አንዲት የቀረፋ ዳቦ የምትፈራ ማዘጋጃ ቤት ስላለችን ኮርቻለሁ።

ሲሄድ ግን በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ ሩናር፣ ካልፈሰሰ ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ትንሽ ቱቦ ወደ ጅረቱ ይክፈቱና እቀዳለሁ፤ ሁላችንም እንገላገላለን» አለኝ። ይህንኑ ምክር ቢሮዎ በማግስቱ በጽሑፍ አጽንቶልኛል። እንግዲህ ጅረቱ አለመበከሉ እንዲረጋገጥ፣ አስቀድሜ ወደ ጅረቱ ልልቀቅበት ማለት ነው።

፫. ክብርት ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። አባቴና እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ መኪኖቻችንን በባዶ መሬት አጥበን ውሃውን ወደዚያው ጅረት ለቀናል። አንድ መጸው ለመራባት ሽቅብ የወጡት የትራውት ዓሣዎች ድልድዩ ሥር ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው አገኘኋቸው። አባቴ በባልዲ ለቀማቸውና ቀበራቸው። በዚያ ቀን አፈርሁ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ። ምንጣፉን የገዛሁት ሕግ አስገድዶኝ ሳይሆን ያ ባልዲ አልረሳ ብሎኝ ነው። ዓሣዎቹ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተመልሰዋል። ማጠቢያዬን ብትዘጉት ቬንድላ መኪኖቹን ለማጠብ በየቀኑ ስድሳ ኪሎ ሜትር መንዳቷ ነው፤ እንወጣዋለን። ቱቦውን ግን በእጄ አልከፍትም።

፬. አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ከግቢዬ ቁልቁል ስመለከት፣ ድልድዩ አጠገብ ባለው ጋራዣችሁ የማዘጋጃ ቤቱ የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች ዘወትር ዓርብ ጠዋት በተዳፋቱ ላይ ሲታጠቡ አያለሁ። ምንጣፍ የለ፣ ገንዳ የለ፤ ውሃው እየዘለለ ይወርዳል። የእናንተ ማጠቢያ እንደ እኔው ሳይሆን መውጫ ስላለው ዐሥራ አራተኛው ተራ ችግር እንዳልሆነባችሁ እገምታለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ማንሣት ነውር ስለሆነ አላነሣም።

ጠርሙሱ ዘላቂ፣ ቅጹ የማይነጥፍ፣ ቢሮዎም ከጎርፍ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለመዝገብ ቁጥሬም ሰላምታ እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ታዛዥዎ፣ ከአንዲት ቱቦ በስተቀር፣
ሩናር ሄድስትሮም

ግልባጭ፦
ለአቶ ቶርቢዮርን (ከመኪናቸው ሳይወርዱ እንዲያነቡት)

የተረሳ ነገር፦ ጠርሙሱን ባዶውን መመለስ በመመሪያችሁ የተከለከለ ስለሆነ፣ ያለፈው ዓርብ ጠዋት መኪኖቻችሁ ሲታጠቡ ከተዳፋቱ ከሚወርደው ውሃ ሞልቼ፣ የተቀዳበትን ቦታ በትክክል ጽፌ፣ ለምርመራ ቤቱ ልኬዋለሁ። ውጤቱ ሰኞ በስምዎ ይደርሳል፤ አምስቱም ቀን ከዚያ ይቆጠራል። በረዶው ሳይገባ ማጠቢያ ከቸገራችሁ ምንጣፌ ሰፊ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። የቀረፋ ዳቦ ግን አናቀርብም፤ እንደ ጉቦ ይቆጠርብናል።