የግራ ጆሮዋን በቀኝ እጇ የምትሸፍነው ሴት

ለተከበሩ የጌም አምራች ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቀው በጅምላ ሳይሆን በችርቻሮ ነው፤ ድርጅትዎ የሰውን ገላ በችርቻሮ እንደሚያውቀው ከምርቶቹ ተረድቻለሁና። አንገትዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ የጎድን አጥንትዎ፣ ጥርሶችዎ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው? ከሁሉም በላይ የግራ ጆሮዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ጆሮዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

እኔ በአንድ ኮሌጅ ፊዚክስ የማስተምር፣ ሃምሳን የተሻገርኩ፣ ጌም ተጫውቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሰሞኑን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ወደፊት በጌም ውስጥ የምናያቸው ሰዎች እውነተኛውን ሰው ምን ያህል መምሰል እንዳለባቸው ሲጠየቁ፣ «ተጫዋቹ ከሚገድለው ሰው ዓይን ውስጥ ሕይወት ስትወጣ እስኪያይ ድረስ» ብለው በፈገግታ መልሰዋል። አስከትለውም ሕዝቡ በጉዳዩ ላይ አስተያየቱን እንዲልክልዎ ጋብዘዋል። እኔ ደግሞ ግብዣ የማከብር ሰው ነኝና ያለኝን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ። ከቀላሉ ልጀምር። ደማችሁ ልክ አይደለም። በአዲሱ ጌማችሁ የሰው አንገት ሲቆረጥ ደሙ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልብ ግን ትመታለችና ደም የሚረጨው በየምቱ ነው፣ እየቆየም ይደክማል። በመዶሻ የተመታው ሰው አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ ይወድቃል፤ መዶሻው ይህን ያህል ጉልበት ካለው፣ መቺው ራሱ ወደ ኋላ ተፈንግሎ ከመታው ሰው ባልተናነሰ ሊሰበር ይገባው ነበር። ይህን ተማሪዎቼ ገና በመጀመሪያው ወር ያውቁታል። ዳቦ ቤቱን ከነሰዉ ስታቃጥሉ ደግሞ፣ ሰዉ ከስሎ መደርደሪያው ላይ ያለው ዳቦ ነጭ እንደሆነ መቅረቱን ታዝቤያለሁ። ሰው የሚያከስል፣ ዳቦ የማያሳርር እሳት ካላችሁ አሠራሩን ለታላቅ እህቴ ብትልኩላት ውለታችሁን አትረሳም፤ ዳቦ ጋጋሪ ናትና።

፪ኛ። ከዚህ ሁሉ ስሕተት መካከል አንድ ነገር ብቻ ልክ፣ እጅግ ልክ ሆኖ ስላገኘሁት ምስጋና ሳላቀርብ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። በዚያው ዳቦ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ተጫዋቹ ብረት ሲያነሣባቸው ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። እሷ አትሮጥም። አገጯን ደረቷ ውስጥ ትቀብርና የግራ ጆሮዋን በቀኝ እጇ ትሸፍናለች፤ ግራ እጇ ከጎኗ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሰው የያዘው ይመስል። ከዚያ ተጫዋቹ የፈቀደውን ያደርጋታል፤ በመዶሻ፣ በቢላዋ፣ በእሳት።

ይህን ያሳየችኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት። ጌሙን አቁማ «አባዬ፣ ና እስኪ፣ ይቺ ሴትዮ አክስቴን አትመስልም?» አለችኝ። ፊቷ የሌላ ሰው ነበር፤ ወጣት ነች፣ ቀጭን ነች። እጇ ግን የእህቴ ነበር። ልጄም «እኔ እኮ ስንቴ ገድያታለሁ» አለችና መጫወቻውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም፤ አንድ ደንበኛ ስላሳጣኋችሁ ይቅርታ።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማረው፣ እጁን ግን አይማረው፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጠፍር ነበረው። እኔን ፈልጎ ሲመጣ እህቴ መካከል ትገባለች። እሱም ከግራ ጎኗ ቆሞ፣ ግራ እጇን በግራ እጁ ጨምድዶ፣ በቀኝ እጁ ጠፍሩን ግራ ጆሮዋ ላይ ያወርደዋል። ለመከላከል የሚቀራት ቀኝ እጇ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ያ እጅ አገጯን አቋርጦ የሚሄደው፤ ያ ጆሮም እስከ ዛሬ አይሰማም። ይህን ነገር በዓለም ላይ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ተቀብሯል። አሁን ጌሙን የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። የቤታችንን ጉዳይ በዚህ ጥራት ለሕዝብ ስላደረሳችሁልን እናመሰግናለን።

፫ኛ። እንዴት እንደ ደረሳችሁበትም ሰምቻለሁ። አምና ሠራተኞችዎ «ተራ ሰዎች እንፈልጋለን» ብለው ሰፈራችን አዳራሽ ሲመጡ፣ እህቴ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሄዳ ነበር። የሚያበሩ ትንንሽ ኳሶች የተለጠፉበት ጥብቅ ልብስ አለበሷት፤ እሷም ሽንኩርት መሰልኩ ብላ ስትስቅ ነበር። ተራመጂ ሲሏት ተራመደች፣ ውደቂ ሲሏት ወደቀች። ደንግጪ ሲሏት ግን «እናንተ ልጆች፣ ምን አየሁና ነው የምደነግጠው?» ብላ አስቸገረቻቸው። ስለዚህ ሳይነገራት አንዱ ሠራተኛ የብረት ቧንቧ ይዞ ከኋላዋ፣ በማትሰማበት ወገን መጣና ከጭንቅላቷ አጠገብ ያለውን የብረት በር ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። እህቴ አገጯን ደረቷ ውስጥ ቀበረች። ቀኝ እጇ የሚያውቀውን መንገድ ሄደ።

ከመስታወቱ ማዶ የነበረ ሰው «ይኼ ነው፣ ይኼን ነው የምፈልገው» ብሎ አጨበጨበ። በቴሌቪዥን ስናይዎ እህቴ «ያ ሰውዬ ነው» አለች። ክቡር ሆይ፣ ስለ ጭብጨባዎ አመሰግናለሁ። እኛ ቤት ያን ጊዜ ያጨበጨበላት አልነበረም።

፬ኛ። ጌሙ ከወጣ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሶች የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ከዳቦ ጋጋሪያችን ጋር ለማገናኘት ብዙ አልፈጀባቸውም፤ ከእሷ ጋር አዳራሽ የነበሩት ሰዎች ዝም አላሉማ። ከዚያ ወዲህ ከኋላዋ ቀስ ብለው ይመጡና የሱቁን የብረት መዝጊያ በፌሮ ይመታሉ፤ እጇ ወደ ጆሮዋ ስትሄድ በስልካቸው ይቀርጿታል። «እማማ፣ ጆሮሽን ያዢ» ይሏታል፣ ይስቃሉ። መሪያቸው ጓደኞቹ ቡሎን የሚሉት፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ ነው። ዳቦ የሚገዙት ጎረቤቶች «ተያቸው፣ ይሰለቻቸዋል» እያሉ አጽናኗት። አልሰለቻቸውም። የእናንተ ሥራ እንደማይሰለች በዚህ መሥክሬላችኋለሁ።

አንድ ጠዋት ቡሎን እስከ ምድጃው ድረስ ገባ። እህቴ ዳቦ በምታወጣበት ረጅም የእንጨት አካፋ ወደ እሳቱ ጎንበስ ብላ ነበር። ፌሮውን በጆሮዋ አጠገብ ሊያሳልፍ ሰነዘረ፤ አላለፈም። የጆሮዋን ጫፍ ሰንጥቆ ሄደ። ደሙ፣ በ፩ኛው ተራ እንደ ገለጽሁት፣ በየምቱ ነው የተረጨው፤ ዳቦው ላይ፣ ዱቄቱ ላይ፣ የልጁ ሸሚዝ ላይ። እህቴ ዞረች። በአካፋው ክንዱን መታችው፤ የአጥንቱን ድምፅ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሰምቷል። ከወደቀ በኋላ ደገመችው። ይህንንም አልደብቅም፤ ዐቃቤ ሕጉ እንደሆነ ከዚያ ሌላ የሚያወራው የለም።

በዚህ አጋጣሚ ለሥራችሁ የሚጠቅም ነገር በነጻ ልንገርዎ። ክንዱ የተሰበረው ጎረምሳ እንደ እናንተ ሰዎች ብልጭ ብሎ አልጠፋም። እዚያው ዱቄቱ ውስጥ ተንከባለለ፣ ሱሪውን አረጠበ፣ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ አለቀሰ። የጆሮዋን ደም በመሐረብ ይዛ ውሃ ያጠጣችው እህቴ ናት። ጌማችሁ ውስጥ ስንት ሰው ሲታረድ አየሁ፤ እናቱን የጠራ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም።

፭ኛ። እህቴ በከባድ የአካል ጉዳት ተከሳለች። ችሎቱ የሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ከተፈረደባት እስር ቤት ትገባለች፣ ዕድሜዋን የገፋችበት ምድጃም ለሌላ ይሰጣል። ጎረምሶቹ ለምን እንደሚያሳድዷት ለማስረዳት ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ ያቺ ሴት ይቺ ናት የሚል። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ ወጣት ውሃ ጋብዞኝ «ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ብመጣ «ጋሼ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ ጌም ነው» አለኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ከዚያም ድርጅትዎ ለፍርድ ቤቱ፣ ገጸ ባሕርይዋ «ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ውጤት እንደሆነችና ከማንኛውም በሕይወት ካለ ሰው ጋር ግንኙነት እንደሌላት» በማኅተም አረጋገጠ። ያን ደብዳቤ አንብቤ ከፍርድ ቤቱ ስወጣ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሕንፃ የሚያክል ማስታወቂያችሁ ተሰቅሏል፤ ሴትዮዋ አገጯን ቀብራ፣ ጆሮዋን ሸፍና፣ ከሥሯ «እውነተኛ ሰው። እውነተኛ ፍርሃት።» ተብሎ ተጽፏል። ዐቃቤ ሕጉም በየቀጠሮው በዚያ ሥር እያለፈ ይገባና፣ ልጁ እንዲያው ሲቀልድ ሴትዮዋ ያለ ምክንያት እንዳበደች ለዳኛው ያስረዳል።

እንግዲህ ለጥያቄዎ መልሴ ይህ ነው። የጌም ሰው ምን ያህል እውነተኛ ይሁን ላሉት፣ ለገዢው የሆነውን ያህል ለዳኛውም ይሁን። ለገበያ ሰው፣ ለችሎት ሥዕል መሆን የሚችል ፍጡር እኔ በፊዚክስም ሆነ ከፊዚክስ ውጭ አላውቅም። የሰውን ፍርሃት ከወሰዳችሁ፣ ፍርሃቱ የመጣበትን ጆሮ፣ ጆሮው ያለበትን ራስ፣ ራሱ ያደረበትን ቤትም አብራችሁ ወስዳችኋል፤ ቤቱ ደግሞ ወንድም አለበት። ዓይን ውስጥ ሕይወት ስትወጣ ለማሳየት ከመድከምዎ በፊት፣ አንዲት ሴት በሕይወት እንዳለች በጽሑፍ ቢያምኑ ሥራው ይቀልልዎ ነበር።

ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር እስከ ረቡዕ ድረስ ቢልኩልን፣ እህቴ በገዛ እጇ የጋገረችውን ትኩስ ዳቦ ቢሮዎ ድረስ አመጣለሁ። ደም የለበትም፤ ያን ቀን የተጋገረውን ፖሊስ ለማስረጃ ወስዶታል።

ላሳዩን ትዕግሥት፣ ለቀዝቃዛው ውሃ፣ ለማኅተሙ ጥራትና ለጭብጨባዎ ያለኝን ልባዊ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ሁለቱም ጆሮዎችዎ ረጅም ዕድሜ ይኑራቸው እላለሁ።

የዳቦ ጋጋሪዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ በ፫ኛው ተራ ታሪኩን ጭብጨባዎ ላይ አቁሜዋለሁ፤ እናንተም ቀረጻውን እዚያው ላይ ቆርጣችሁታልና። ከጭብጨባው በኋላ እህቴ ዞራ ቧንቧውን ከሰውዬው እጅ ነጥቃ ትከሻው ላይ እንዳሳረፈችው፣ አጥንቱም እንደ ደረቅ እንጨት እንደተሰበረ፣ እርስዎም «ይኼን አውጡት፣ የሚደበደብ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ማን ያምናል» እንዳሉ፣ እህቴ ደብቃን የቆየችውን የነገረን ራሱ ባለ ቧንቧው ነው። ክንዱ ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ ስለማይነሣ ከሥራ አሰናብታችሁታል። ትናንት በራችንን ሲያንኳኳ ለበቀል የመጣ መስሎኝ ነበር። እህቴ ግን ዳቦ አቀረበችለት፤ እሱም አቀርቅሮ እየበላ «እትዬ፣ እርስዎ ምን አጠፉ፣ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እመታ ነበር» አላት። ሐሙስ ያቺ ሴት እህቴ እንደሆነች ሊመሰክር ይቆማል፤ ዳኛው ካዘዙም ሸሚዙን ያወልቃል። እርስዎም ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ በደንብ ይታይዎታል። እጆችዎን ግን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ፤ ችሎት ውስጥ ማጨብጨብ ክልክል ነው።