ለባዶ ወንበር የተከበረው የቴአትር በዓል

ጎንደር፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የተማሪዎች ቴአትር በዓል የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ከጭልጋ ገጠር ተማሪዎች ይዤ የመጣሁት መምህር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጥር አሥራ አምስት ቀን ፒያሳ ካለው አዳራሽ ስንጠብቅዎት ውለን ስላልመጡ፣ አሟቸው ይሆን እያልን ተጨንቀን ነበር፤ ማታ ከግብዣው ድንኳን ምግብ ሲስማማዎት አይተን ተጽናናን። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ ስለ ገንዘቡ። ወላጆች እንቁላልና ጌሾ ሸጠው ያዋጡት ገንዘብ ለመጋረጃና ለልጆቹ ስንቅ ይውላል ብዬ በየቤቱ የሰበክሁት እኔ ነበርሁ። ኮሚቴዎ ግን አርቆ አስቦ ድንኳንና ጠጅ፣ ለእርስዎም ቀይ ከፋይ የለበሰ ወንበር አሰናዳበት። ልጆቹ ቆሎ ይዘው ስለመጡ አልተራቡም፤ መጋረጃውንም ከሁለት አንሶላ ሰፋነው።

፪ኛ፤ ስለ ወንበሩ። የበላይ ጠባቂው ሳይቀመጡ መጋረጃ እንዳይከፈት ያዘዙትን በታማኝነት ጠብቄአለሁ። የአሥራ አራት ዓመቷ አባይነሽ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ የዳኛ ካባ ለብሳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። ድርሰቱን የደረሱት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሬዋን የተቀማች መበለት ትከሳለች፣ አባይነሽ ትፈርድላታለች። አባቷ አያ ፋንታሁን ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው የመጡት ይህችን ፍርድ ለመስማት ነው። ለልጅቷ ሽማግሌ ተልኮባት ስለነበር፣ ሰው ፊት ቆማ ከፈረደች ሽማግሎቹን መልሼ አስተምራታለሁ ብለው ቃል ሰጥተውኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ አያ ፋንታሁን አጠገቤ መጥተው ወንበርዎን አዩና፣ «ምነው የኔታ፣ የሚያየው እሱ ነው እንዴ? እኔ አለሁ አይደል?» አሉኝ። ትእዛዝ ነው አልኋቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመንገድ ጓደኞቻቸው አህዮቻቸውን ጭነው ሲነሱ፣ እሳቸውም ልጃቸውን ይዘው ተነሱ። አባይነሽ ካባውን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ያን ጊዜ መጋረጃውን ብከፍተው ምን እሆን ነበር? ቢበዛ ከሥራ ያስወጡኝ ነበር። ይህ የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ ከቁጥሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

፫ኛ፤ ስለ ሪፖርቱ። እንግዳ ለመቀበል አዘዞ ወርደው እዚያው ምሳ እንደበሉ የሰማነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መኪናዎ አዳራሹን አልፎ ድንኳኑ ደጃፍ ሲቆም ነው። እዚያም መጋረጃው ሳይከፈት የዋለው በዓል በደመቀ ሁኔታ ተፈጸመ ተብሎ ሲነበብ አጨበጨቡ። ያላዩትን ቴአትር ማድነቅ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃልና አመሰግንዎታለሁ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ፣ እኔም አብሬ ማጨብጨቤ ነው።

አባይነሽ ጾም ሳይገባ ተዳረች። አያ ፋንታሁንን አልወቅሳቸውም፤ ቃላቸውን አላጠፉም፣ እኛ ነን ያላሳየናቸው።

ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት፤ የወንበርዎንም ከፋይ ብል አይብላው።

ትእዛዝ አክባሪ በመሆኔ የማፍረው፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ ታዛዥዎ፣
መምህር ሰጠኝ አለበል

ድኅረ ጽሑፍ፤ ለመጪው ዓመት በዓል ሴት ተጫዋቾች በብዛት እንዳቀርብ ያዘዙበት ደብዳቤ ደርሶኛል። አንዲት ነበረችኝ። ሊጠይቋት የሄዱት እናቷ እንደነገሩኝ፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ያችን ፍርድ ለብቻዋ ትላታለች። መስማት ከፈለጉ ከባሏ ቤት ያገኟታል። መንገዱ ሩቅ ነውና አይቸኩሉ፤ እሷ እንደሆነች ከእንግዲህ የትም አትሄድም።