እማዬ ስትመጣ እንዳታጣኝ

ጥቅምት 6 ቀን 2000፣ ደባርቅ

የአራተኛ ሀ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ክፍልፋይ አሁንም አልገባቸውም። ወይስ እኔ ማስረዳት አልቻልኩም?

ሲሲ ምሳዋን ሳትነካ ተኛች። ሳሉ ተመልሶባታል። አንገቷ ሥር ያለው እብጠት ጨምሯል... ወይስ ለእኔ ነው? አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ተነስታ የጎንደሩን አውቶቡስ ልታይ ወጣች። ስትመለስ፣ "ዛሬም እማዬ የለችም" አለች።

"ጸበሉን ገና አልጨረሰችማ" አልኳት።

ዓመት ሊሞላኝ ነው ይህን ስል። እህቴ ባንቻየሁ አምና ኅዳር ዳባት ተቀብራለች። ልጇ ሲሲ አልሰማችም።

ጥቅምት 9

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር ሰብሌ ሚዛን ላይ አቆመቻት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ስድስት ኪሎ። ወደ ጥግ ሳበችኝ።

"መምህርት፣ እናቷ በምን እንደሞተች እያወቅሽ እስከ ዛሬ ደሟን አላስመረመርሽም?"

ፈራሁ አልኳት።

"ቫይረሱ ካለባት መድኃኒት አለ። ሳይታወቅ ግን አንዲት ፍሬ አልሰጣትም። ጊዜ የለሽም።"

ክንዷን ልታስር ስትል ሲሲ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሁለት ሰው ሊያወጣት አልቻለም። የሰብሌን እጅ ነከሰች። ሰብሌ እጇን እየታጠበች፣ "በጉልበት አልወስድም" አለችኝ። "ካለባት ዕድሜ ልኳን ነው የምትመላለሰው። ዛሬ ካስጨነቅኋት ነገ አትመጣልኝም። አሳምነሽ አምጪልኝ።"

ጥቅምት 11

ብስኩት፣ እምቢ። አዲስ ጫማ፣ እምቢ። ቁጣ... እምቢ። ስልሳ ልጅ በአንድ ግልምጫ ጸጥ የማደርግ ሴትዮ፣ ለአንዷ አነስኩ።

በመጨረሻ የማይደረገውን አደረግሁ። "እናትሽ መልእክት ልካለች፤ ሲሲዬ ደሟን ትስጥ ብላለች" አልኳት።

"ራሷ መጥታ ትንገረኝ።"

ስንት ጊዜ በሟች አፍ ተናገርኩ? የፋሲካውን ቀሚስ፣ "እናትሽ ናት የላከችልሽ"። በየሳምንቱ ሰላምታ። አንዳንዴ በራሴ ጉሮሮ የባንቹን ድምፅ እሰማዋለሁ። አነጋገሯን ሳላስበው ለምጄዋለሁ። እፈራለሁ።

ጥቅምት 13

ዛሬ ገባኝ። ሹሩባ ስሠራላት ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የተናገረችው።

"እማዬን ደም ቀዷት። ከዚያ ጸበል ሄደች።"

"እና?"

"እኔንም ከቀዱኝ ትወስዱኛላችኋ። እማዬ ስትመጣ ታጣኛለች።"

"መርፌውን ፈርተሽ አይደለም?"

"መርፌውንማ አልፈራም።"

ሹሩባውን ሳልጨርስ ጓሮ ወጣሁ። እኔ ነኝ ያሰርኳት። በውሸቴ።

ጥቅምት 15

ትኩሳት። ሠላሳ ዘጠኝ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ጥቅምት 18

ጋሼ ቢራራ፣ አጎታችን፣ ስለ ሙት ዓመቱ ሊነጋገሩ ከድብ ባሕር መጡ። ሲሲን ጎረቤቴ እትዬ ዓለምዬ ጋ ላክኋት። ለሕፃን መርዶ አይነገርም ብለው የወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ እኛም ሁላችን ተስማማን። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ትንፍሽ ያለ የለም። እኔም ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ሻሼን በር ላይ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ ነው ቤቴ የምገባው። በገዛ ቤቴ ለእህቴ አልቅሼ አላውቅም።

"ልንገራት" አልኳቸው።

"ኧረ ተይ ልጄ! በደዌው ላይ ኀዘን ልትጨምሪባት? ትዳንና ትሰማለች።"

"ካልሰማች አትድንም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያ በእኔ አፍ አይሆንም። አንቺ ታውቂያለሽ።" ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ተቀየሙኝ።

ጥቅምት 20

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። እዚህ ልጻፈው።

በ98፣ ሰኔ ላይ፣ ባንቹ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። "ዳባት ሁሉም ያውቀኛል። አንቺ ጋ መጥቼ ልመርመር።" ክረምቱ ይውጣ ብዬ መለስኩላት። ዝናቡ ሰበብ ነበር። ደባርቅ ደግሞ እኔን ሁሉም ያውቀኛል... የመምህርቷ እህት እንዳይሉ ፈራሁ። መስከረም ስትመጣ ከአውቶቡስ ደግፈው ነው ያወረዷት። መድኃኒቱን ጀመረች፤ ግን አልደረሰላትም።

ሦስት ወር። እኔ ነኝ።

ጥቅምት 21

ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ ነገርኳት፤ መርዶ በዚያ ሰዓት ነውና። ጥቁር ሻሼን አስሬ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። ሻሹን አየችው።

"ማን ሞተ?"

"እናትሽ።"

"መቼ?"

"አምና። ኅዳር።"

አሰበች። "ቀሚሱን ማን ላከልኝ?"

"እኔ።"

"ሰላምታውንስ?"

"እኔ፣ ልጄ።"

ከዚያ ጮኸች። እኔም ዓመት ሙሉ ያፈንኩትን ለቀቅሁት። እትዬ ዓለምዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። እንደ ትልቅ ሰው ለቅሶ ደረሷት፤ "እግዜር ያጥናሽ" እያሉ አንድ በአንድ ሳሟት። ሲሲ ሁሉንም ዓይን ዓይናቸውን ታይ ነበር። ሁላቸውም ያውቁ እንደነበር ገባት መሰለኝ።

ጥቅምት 26

ጤና ጣቢያ። ክንዷን ራሷ ዘረጋች። ሰብሌ ልታባብላት ስትል፣ "ቅጂኝ" አለቻት። "አሁን የትም ብትወስዱኝ ግድ የለኝም።"

ሰብሌ ፊቷን አዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አለባት።

ኅዳር 12

መድኃኒቱ ዛሬ ተጀመረ። ፍሬውን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ "ለምንድን ነው?" አለች። "ቪታሚን" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እናትሽን የገደላት በሽታ ደምሽ ውስጥ አለ፣ ይህ ያስተኛዋል አልኳት።

"እማዬ ለምን አልዋጠችውም?"

"ዘግይታ ጀመረችው።"

"ማን አዘገያት?"

ስምንት ዓመቷ ነው። ጋሼ ቢራራ ቢሰሙ ያብዳሉ። "እኔ" አልኳት። ክረምቱንም፣ ደብዳቤውንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። ከመዳፏ ላይ አንስታ ዋጠችው።

ታኅሣሥ 20

አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል። እብጠቱ ጎድሏል። ዛሬ ምሳ ጨርሳ ጨመረች። ሰብሌ አቀፈችኝ፣ "አተረፍሻት" አለችኝ።

መድኃኒቱን ከእጄ አትቀበልም። ራሷ ታወጣለች፣ ውኃውን ራሷ ትቀዳለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፤ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ሰዓቱ ሲቃረብ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ እትዬ ዓለምዬ ቤት ትሮጣለች፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃ ተመልሳ ትውጣለች።

እኔም ቤት ግድግዳ ላይ ሰዓት አለ። በደንብ ይሠራል።