ስለ ተደፈነው የወፍጮ ቦዬና ስለ ናፍጣው ሥልጣኔ

ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ወንዳፈረው
የብርሃንና የሥልጣኔ ማኅበር ሊቀ መንበር
ፎንቆ

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱን እንደምን ይዘውታል? ጤናዎ እንዲሰነብት፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥ፣ በሰገነትዎ ላይ የሚበራው አምፖልም እንዳይቃጠል ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በገበያው መካከል ባስተከሉት የመብራት ምሰሶ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ምሰሶው ከምረቃው ቀን ወዲህ አብርቶ ስለማያውቅ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ከሚውል አንድ ነገር ይያዝ ብዬ ነው።

እታለም ሳህሉ እባላለሁ። ከገበያው በታች ባለው ወንዝ ላይ ያለው የውሃ ወፍጮ የእኔ ነው። ባሌ ብዙነህ ሲሞት ከዚህ ወፍጮ በቀር የተወልኝ ነገር የለም፤ ልጆቼንም ያሳደግኋቸው በዚያው ወፍጮ ነው። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ ሚሲዮኖቹ ስለሆኑ በአማርኛዬ ላይ ስሕተት ቢያገኙ እነሱን ይውቀሱ፤ በንዴቴ ላይ ግን ማንም አላገዘኝም። ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ) ስለ ወንዙ። በመንደራችን ያስተከሉት የሞተር ወፍጮ በተመረቀ ዕለት ባደረጉት ንግግር፣ የሠለጠነ ሕዝብ እህሉን በናፍጣ እንጂ በወንዝ ውሃ እንደማያስፈጭ አስረድተውናል። እኛ ኋላ ቀሮቹ፣ ወንዙ ያለ ሹፌርና ያለ መንገድ በራሱ እየመጣ፣ ክረምት ሲገባም ይባሱን እየበረታ ድንጋዩን ሲያዞርልን ስለኖረ፣ ነገሩ የሚያሳፍር መሆኑን አላወቅንም ነበርና ዓይናችንን ስለ ገለጡልን እናመሰግናለን።

፪ኛ) ስለ ናፍጣው። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን የናፍጣው መኪና ሆሳዕና ላይ ቆሞ ቀረ። እርስዎም የመንደሩን ጎልማሶች በደቦ አስጠርተው በርሜሉን ከሆሳዕና ጀምሮ በጭቃው ላይ እያንከባለሉ ፎንቆ እንዲያደርሱት አደረጉ። የሰውን ጉልበት ያሳርፋል የተባለው ሞተር ራሱ በሰው ጉልበት የሚኖር መሆኑን ያየነው ያን ዕለት ነው። ይህም ሆኖ ወፍጮው አልዞረም፤ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ግቢዎ ገብቶ ይኸው እስከ ዛሬ አምፖልዎንና ማቀዝቀዣዎን ያገለግላል። በነሐሴ ብርድ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ለምን እንዳስፈለገዎ አለመረዳታችን ካለመማራችን የመጣ ነው።

፫ኛ) ስለ ቦዩ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅ ይቅር ይበሉኝ። በእኛ ዘንድ ደቦ የተጠራ ሰው መቆፈሪያውን ይዞ ይመጣል እንጂ ሥራው ለምን እንደሆነ ጠሪውን አይመረምርም፤ መጠየቁ ነውር ነው። ይህን ልማዳችንን እርስዎ ከእኛ ይበልጥ አጥንተውታል። የአገር ሽማግሌውን አቶ ጠናን አስጠርተው፣ ለመኪናዎ መንገድ እንዲወጣ የወፍጮው ቦይ ለአንድ ቀን ብቻ እንደሚደፈንና በማግሥቱ ቱቦ ተቀብሮ ውሃው በሥሩ እንደሚያልፍ ቃል ገቡላቸው። አቶ ጠና አምነው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። እኔም ቃልዎን አምኜ፣ የራሴን ቦይ ለሚደፍኑት ሰዎች ቆጮና ጎመን ይዤ ወጣሁ፤ እየሳቅሁ አበላኋቸው። በማግሥቱ የመጣው ግን ቱቦ ሳይሆን፣ ውሃ የማይደርሰው ወፍጮ ወፍጮ ስለማይባል እንዲታሸግ የሚል ትእዛዝዎ ነበር። አቶ ጠና ያንን ቦይ በወጣትነታቸው ከባሌ ጋር የቆፈሩ ሰው ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቴን ላለማየት በሌላ መንገድ ዞረው ነው ወደ ቤታቸው የሚገቡት። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብል እንኳ የእኒህን ሰው ማፈር ይቅር አልልዎትም።

አራተኛው ስለ ዕድገት ነው። ጎረቤቴ ዓለሚቱ ከእኔ ዘንድ ዱቄት እያስፈጨች ዳቦ ጋግራ በገበያ ስትሸጥ ሥራው ሰፍቶላት ሁለት ሴቶች ቀጥራ ነበር። ዛሬ ሦስቱም በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ እየዋሉ መዳፋቸው ቆስሏል፤ ምድጃው ከቀዘቀዘም ሰንብቷል። ደጅዎ ድረስ መጥተው ቢያመለክቱ፣ እርስዎ ቆጮ እያለላቸው ዱቄት ምን እንደሚያደርግላቸው ጠይቀዋቸዋል። ይህን ሲሉ የስንዴ ዳቦ እየቆረሱ ነበር ይባላል፤ እኔ አላየሁምና አልመሰክርም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሞተር ጠልቼ አላውቅም። በጋ ወንዙ ሲቀንስ ሞተሩ ይፍጭ፣ ክረምት መንገዱ ሲዘጋ ወንዙ ይፍጭ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካው ብዬ በአደባባይ ተናግሬ ነበር። እርስዎን ያናደደዎ ግን ወንዙ ኋላ ቀር መሆኑ አይደለም። ድንጋዩ ያለ እርስዎ ፈቃድ መዞሩ ነው። ያለንን ደፍነን የሌለንን ደጅ ደጁን እያየን እንድንጠብቅ አደረጉን፤ ይህንንም ሥልጣኔ ብለው ስም አወጡለት። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስቀል ሳይደርስ ቦዬ ይከፈት።

ደጅዎ ቆሜ ሳይሆን እዚሁ ጸጥ ያለው ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ እንደ እነሱ በእጅ ወፍጮ የቆሰለው መዳፌ በሚችለው መጠን እጅ እየነሳሁ፣ ላደረጉልን ሁሉ እንደ ሥራዎ እንዲከፈልዎ ጠዋትና ማታ የምጸልይልዎ፣

እታለም ሳህሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው አቶ ጠና በደጄ ገቡ። ለፊታችን ቅዳሜ ደቦ ጠርተዋል፤ እንደ ልማዳችን ሥራው ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ቦዩ መንገድዎን አቋርጦ የሚያልፍ ስለሆነ መኪናዎን ከዓርብ በፊት ወደሚፈልጉት ማዶ ቢያሻግሩት መልካም ነው። ባለቤትዎ ወይዘሮ ፋንታዬም በጓሮ በኩል አንድ ጆንያ ስንዴ ልከው ወፍጮው መቼ እንደሚከፈት አስጠይቀውኛል። ጆንያው በክብር ተቀምጧልና አይሥጉ፤ ተራዎ ከዓለሚቱ ቀጥሎ ነው።